የረቡዕ ከሰዓቱ የክበብ ጊዜ ይነሳ ወይስ ይቆይ? (ክርክር)

ቤሬሳ ማዶ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። ደብረ ብርሃን ውስጥ ባለ አንድ ትንሽ የግል ኮሌጅ የሦስተኛ ዓመት አካውንቲንግ ተማሪ ነኝ። እስካሁን ረቡዕ ከሰዓት ክፍል የለም፣ ሁሉም ወደየክበቡ ነው የሚሄደው። አሁን ግን ከሚቀጥለው ሴሚስተር ጀምሮ ይህ ጊዜ ለመውጫ ፈተና ቱቶሪያል ይሁን የሚል ሐሳብ መጥቷል። ክበብ የሚፈልግ ቅዳሜ ይሰብሰብ ተብሏል። አስተያየት የምንሰጠው እስከ አርብ ነው።

እኔ አልስማማም። ኮሌጃችን ዶርም የላትም፣ ሜዳ የላትም፣ ቤተ መጻሕፍቷም አንድ ክፍል ነው። ተማሪው ከመንዝ፣ ከመርሐቤቴ፣ ከይፋት መጥቶ ቤት ተከራይቶ ይማራል። ከክፍል እንደወጣ ብርዱን ሽሽት በቀጥታ ወደ ኪራይ ቤቱ ነው። እኔ ከመሐል ሜዳ ስመጣ ሙሉ ሴሚስተር ከሦስት ሰው በላይ በስም አላውቅም ነበር። አፌን የፈታሁት ሚኒ ሚዲያ ከገባሁ በኋላ ነው። የማይኩ ስፖንጅ ጠፍቶ ስለነበር ካልሲ አልብሰነው ነበር የምናነበው። የመጀመሪያ ቀን ወረቀቱ እጄ ላይ ሲንቀጠቀጥ ድምፁ በስፒከሩ ለግቢው ሁሉ ተሰማ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ማን ያቅርብ ሲባል ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝ። ይሄን የትኛው ቱቶሪያል ይሰጠኛል?

እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አራተኛ ዓመት፦
ወንድሜ፣ ያልከው ሁሉ ይገባኛል። ግን ቁጥሩንም እንይ። የመውጫ ፈተና በ2015 ዓ.ም. ለሁሉም የዲግሪ ትምህርት ሲጀመር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62.37 በመቶ አለፉ። ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ናቸው። ከመቶ ሰው አሥራ ሰባት! ሃምሳ ካላመጣህ ዲግሪ የለም፣ አራት ዓመት የተማርከው ሁሉ እዚያው ይቆማል። አባቴ የሚከፍልልኝ በግ ሸጦ ነው፤ ለአንድ ሴሚስተር ስንት በግ እንደሚወጣ አውቃለሁ። ፈተናው ሲወድቅብኝ ለእሱ ሚኒ ሚዲያ ላይ ጎበዝ ነበርኩ ልለው አልችልም። ለኔ ረቡዕ ለጥናት ይሁን፣ አለቀ።

የይፋት ልጅ፦
እኔም አራተኛ ዓመት ነኝ፣ ፈተናው ያስፈራኛል። ግን ክበብ ዝም ብሎ ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ ሲወራ ልቤ አይችልም።

ቀይ መስቀል ክበብ ነኝ። የምማረው ማኔጅመንት ነው፣ ጤና አይደለም። ባለፈው ክረምት ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ከደብረ ሲና በላይ ጣርማበር ዳገቱ ላይ ጉም ነበር፣ ፊት ለፊት አስር እርምጃ አይታይም። ሚኒባሳችን ከቆመ አይሱዙ ጋር ተጋጨ። አጠገቤ የነበሩ እናት ክንዳቸው በመስታወት ተቆርጦ ደሙ ዝም ብሎ ይወርዳል። አንዱ ቡና በትኑበት ይላል፣ አንዱ በሽቦ እሰሩት ይላል። ረቡዕ ረቡዕ ስንለማመድ የተባልኩት ብቻ ነው የመጣልኝ፦ በንጹሕ ጨርቅ ጫን ብለሽ ያዢ፣ ጨርቁ ቢርስም አታንሺው፣ በላዩ ሌላ ደርቢበት። ነጠላቸውን አጥፌ በሁለት እጄ ያዝኩት። መኪና ተገኝቶ ደብረ ሲና እስክንወርድ ድረስ አለቀቅኩም፣ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር። እሳቸው ዛሬም ይደውሉልኛል፣ «ልጄ» ነው የሚሉኝ።

እና ይሄ ቅዳሜ ይሁን የምትሉ ሰዎች እስኪ አንድ ነገር መልሱልኝ። ቅዳሜ ክፍሎቹን የሚይዙት የእረፍት ቀን ተማሪዎች ናቸው፣ የት እንቀመጥ? ግማሹ ተማሪ ደግሞ ቅዳሜ ስንቅ ሊያመጣ አገሩ ይገባል። ከክፍል በኋላ ማታ ይሁን ካላችሁም የአከራዬ በር በአንድ ሰዓት ይዘጋል፣ የብዙ ሴቶችም እንደዚያው ነው። ቅዳሜ ማለት ክበብ የለም ማለት ነው። እንደሱ ከሆነ በግልጽ ይባል።

ወላጅ፦
ልጄ እዚያው ነው የሚማረው። የላክሁት ለትምህርት ነው። ጊዜው ደግሞ እንደምታዩት ነው፣ ልጆች ተሰባስበው ሲታዩ እኛ ቤት ሆነን እንሰጋለን። ክበብ ተብሎ ይጀመርና ወሬው ሌላ ይሆናል። ተምሮ ቶሎ ቢወጣልኝ ይሻለኛል።

ቤሬሳ ማዶ፦
ጋሼ፣ ስጋትዎ ይገባኛል፣ እናቴም ስትደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ነገር ግን ክበብ በር ተከፍቶ፣ መምህር ተመድቦለት፣ ቃለ ጉባኤ ተይዞ የሚካሄድ ነገር ነው። ሥራ የፈታ ልጅ ረቡዕ ከሰዓት የት እንደሚውል እርስዎም ያውቁታል። የትኛው ይሻላል?

መምህር ነኝ፦
እዚህ ከተማ ሌላ ኮሌጅ ውስጥ አስተምራለሁ፣ ለሁለታችሁም ወገን የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ለአራተኛ ዓመቱ። ቱቶሪያል ብቻውን አያሳልፍም። ተማሪ ሲወድቅ ያየሁበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፦ ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ብዙ ልጅ ግን ማውስ ይዞ የሚያውቀው ለጥቂት ቀን ነው። ጥያቄውን አንብቦ መልሱን እያወቀ ገጹን ማዞር የሚቸገር ልጅ አይቻለሁ፣ ላቡ ግንባሩ ላይ እየወረደ። እኛ ጋ ይህን ያቃለለው የአይሲቲ ክበብ ነው። የላይኛው ክፍል ልጆች የታችኞቹን አጠገባቸው አስቀምጠው ያለማምዷቸዋል፤ ተማሪ መምህርን የማይጠይቀውን ጓደኛውን ይጠይቃል። ክበብና ፈተና ጠላት አይደሉም።

ቀጥሎ ለክበብ ደጋፊዎች። እውነቱን እንነጋገር። እኛ ጋ በወረቀት 11 ክበብ አለ፤ ረቡዕ ሄደህ በሩን ብታንኳኳ ሰው የምታገኘው አራቱ ጋ ነው። የቀሩት ማኅተም፣ የስም ዝርዝርና ግድግዳ ላይ የደበዘዘ መፈክር ናቸው። ፀረ ኤድስ ክበብ ተብሎ በዓመት አንዴ ኅዳር 22 ሪባን ከማሰር ውጭ ምን ይሠራል? የናንተም እንደዚህ ከሆነ አስተዳደሩ ጊዜው ይባክናል ቢል አልፈርድበትም።

ለወላጁም አንድ ነገር ልጨምር፣ በአክብሮት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በየዓመቱ በኮሌጅ ቀን ተማሪዎች የግጥም ውድድር ያደርጉ ነበር፣ ስለ ደሃው ሕይወት የተነበቡት ግጥሞች ዛሬም ይነሳሉ። አዎ፣ ያኔም ባለሥልጣን ደንግጧል። ግን ሐሳቡን በመድረክ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማው የሚናገር ወጣት ያገር ሀብት ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀድሞ ተማሪ፦
መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ስለ ወረቀት ክበቦቹ ያሉት ትክክል ነው። እኔ ደግሞ ስለ ገንዘቡ ላንሳ። በኛ ጊዜ ምዝገባ ላይ ለክበብ ተብሎ ብር ይቆረጥ ነበር፣ የት እንደገባ ግን የነገረን የለም። ጠይቀን ደክመናል። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ገንዘብ ያዥ ስሆን የራሳችንን መዋጮ በደብተር መዝግቤ፣ እያንዳንዱን ደረሰኝ በስቴፕለር አያይዤ በየወሩ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመርኩ። ሰው ማመን የጀመረው ያኔ ነው። የመዋጮው ገቢ በአንድ ሴሚስተር እጥፍ ሆነ።

በዚያ ብር ሚኒባስ ተከራይተን መንዝ ውስጥ ወዳለው የጓሳ ጥብቅ ቦታ ሄድን። ጭላዳው በመንጋ ሣር ሲነጭ አጠገቡ ተቀምጠን አየን፣ ቀይ ቀበሮም ከሩቅ አየን። ከሁሉ የገረመኝ ግን የመንዝ ሰው ሣሩን ለቤት ክዳንና ለገመድ መቼ እንደሚያጭድ፣ መቼ እንደሚዘጋ በራሱ ደንብ ለዘመናት ጠብቆ ማቆየቱ ነው። አንድ ሽማግሌ ቁጭ ብለው አስረዱን። የጋራ ንብረት አስተዳደር የሚለውን ትምህርት ክፍል ውስጥ ሸምድጄው ነበር፣ የገባኝ እዚያ ነው። አሁን የምሠራው ቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ ነው፣ ቃለ መጠይቅ ላይ ስለ ውጤቴ ብዙም አልጠየቁኝም፣ ስለዚያች ደብተር ነው የጠየቁኝ።

አራተኛ ዓመት፦
ስለ ኮምፒውተሩ መምህር ያሉት አሳስቦኛል፣ እኔም በዚያ በኩል ደካማ ነኝ። የይፋቷ እህቴ ታሪክም ነክቶኛል። ግን አሁንም እላለሁ፣ ለኔ የቀረኝ አንድ ሴሚስተር ነው። እኔን በክበብ ስም ረቡዕ አትያዙኝ።

ቤሬሳ ማዶ፦
እሺ፣ ይሄ ፍትሐዊ ነው። ያልኩትን ላስተካክል። ለአስተዳደሩ እንዲህ ብለን ብንጽፍስ፦ ረቡዕ ከሰዓት ለአራተኛ ዓመት ቱቶሪያል ይሁን፣ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ዓመት ላለው ግን ክበቡ በቦታው ይቆይ። አራተኛ ዓመት ሆኖ ክበቡን የሚፈልግ ፈቃዱ ነው። አይሲቲ ክበብ የኮምፒውተር ክፍሉን ለሁሉም ይክፈት፣ ለተፈታኞች ቅድሚያ ይስጥ። በአንድ ሴሚስተር ሦስት ጊዜ እንኳ ያልተሰበሰበ ክበብ ይዘጋ፣ የኛ ሚኒ ሚዲያም ቢሆን። ከምዝገባ የሚቆረጠው ብር ደግሞ ገቢና ወጪው በየወሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

የይፋት ልጅ፦
እስማማለሁ። ከክፍል በኋላ ማታ የሚደረግ ስብሰባ አይኑር የሚለውንም ጨምርበት፣ ያ ካልገባ አልፈርምም።

ቤሬሳ ማዶ፦
ገብቷል። ወረቀቱን ነገ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ይዤ እቆማለሁ፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት። መታወቂያ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ኑ። የማይስማማም ይምጣ፣ ተቃውሞ የሚጻፍበት ሌላ ገጽ አዘጋጅቻለሁ።

አራተኛ ዓመት፦
እመጣለሁ። በየትኛው ገጽ እንደምፈርም ግን ሌሊቱን ላስብበት።