የአሮጌው ሆቴል እድሳት፦ ፕሮፖዛሉ ከመላኩ በፊት እንነጋገር

ጸሐፊ፦ ጤና ይስጥልኝ የማኅበራችን አባላት። ረቂቁ ላይ የመጀመሪያው ሥራ «ቀለም ቅብና የፊት በረንዳ» ይላል። አስተያየታችሁን ጣል ጣል አድርጉ።

ግንበኛው፦ ቀለሙ ይቆየን። ከጓሮው ግድግዳ የመዳፍ ያህል ልስን አንስቼ አየሁ። ላዩ ሲሚንቶ ነው። ከሥሩ ያለው የድሮው ኖራ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ዱቄት ይረግፋል። ኖራ እርጥበቱን ያስወጣል፤ ሲሚንቶ ግን አፍኖ ይይዘዋል። እናጠንክረው ብለን ሕንጻውን አሳመምነው። አሁን ቢቀባ ዓመት ሳይሞላው ይላጣል።

ሒሳብ ሹሙ፦ ጋሼ፣ ልክ ነዎት። ግን ገንዘብ የሚሰጠን ሰው የሚያየው ፊቱን ነው። በረንዳው ቢመለስ ዓይን ይስባል።

ጸሐፊ፦ የበረንዳው ፎቶ አለን?

የቀድሞዋ አስተናጋጅ፦ አንድ አለ፣ የሠርግ ፎቶ። ሙሽሮቹ ግማሹን ጋርደውታል፤ ላይኛው ደግሞ ተቆርጧል። ጠዋት ጠዋት ስጠርገው ጫፉ ላይ ጥልፍ የመሰለ ቆርቆሮ ነበረው መሰለኝ። መሰለኝ ነው ያልኩት! በእኔ ትዝታ ቤት እንዳትሠሩ።

አርክቴክቷ፦ እትዬ፣ በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣው የቬኒስ ቻርተርም፣ ማለትም የቅርስ ሕንጻዎች እድሳት ዓለም አቀፍ መመሪያ፣ ያለው ይህንኑ ነው፤ ግምት ሲጀመር እድሳት ይቆማል። አዲስ የሚጨመረውም ከነባሩ ይስማማ፣ ግን አዲስነቱ ይታወቅ ይላል። ስለዚህ በረንዳውን ለሁለተኛ ዙር እንተወው። መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ። ውኃው ካልቆመ የቀረው ሁሉ ገንዘብ ማባከን ነው። ቀጥሎ ሲሚንቶውን በጥንቃቄ አንስተን በኖራ እንለስን። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ፣ ቀስ እያለ ነው። የጊዜ ሰሌዳው ላይ ይህ ይግባ፤ «በሦስት ወር እንጨርሳለን» የሚለው ይውጣ።

አናጢው፦ የጣሪያው እንጨት ሁሉ ይቀየር የሚለውም ይውጣ። የበሰበሰው ግድግዳው ላይ ያረፈው ጫፍ ነው። ጫፉን ብቻ ቆርጦ በአዲስ እንጨት መቀጠል ይቻላል። ቀለሙንም አትገምቱ፤ በሩ መቃን ላይ ስፍቅ አምስት ድርብ ቆጥሬያለሁ። ከሁሉ ሥር አረንጓዴ ነው።

የቀድሞዋ አስተናጋጅ፦ አንድ ነገር ልጨምር። የታሪኩ ክፍል የታላላቅ እንግዶች ዝርዝር ብቻ ሆኗል። ወጥ ቤቱስ? አንሶላ አጣቢዎቹስ?

ጸሐፊ፦ ይገባል፤ እርስዎን ቀድቼ እጽፈዋለሁ። በረንዳው ወደ ሁለተኛ ዙር ሄዷል። ቅዳሜ ጣሪያውን እንለካለን፣ ፎቶም እናነሳለን። ረጅም መሰላል ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የማኅበሩ ሁለት እርከን ጎድሎታል።