ከትዝታ ሜጀር ወደ ማይነር ስወርድ ቲውነሩ ለምን 70 ሴንት ብቻ ያሳየኛል?

ክራር ቃኚ
ሰላም ለሁላችሁ። ክራር ከያዝኩ 11 ዓመቴ ነው። የምቃኘው በጆሮዬ ነው፤ አጎቴ ያሳየኝም እንዲያ ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ከአንድ ኪቦርድ ተጫዋች ጋር ልምምድ ነበረን። ትዝታ ሜጀር ተጫውተን ወደ ማይነር ለመዞር ሁለት ክር አላላሁ፤ የቅኝቱን ሦስተኛና አምስተኛ ድምፅ። ለእኔ ልክ ገባ። ክሮቹ ተስማምተው ጸጥ አሉ። እሱ ግን «በደንብ አልወረደም» አለኝ። ስልኬ ላይ ባለው ቲውነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ሳየው ሦስተኛው ድምፅ የወረደው 70 ሴንት ገደማ ነው፤ ሴንት በሁለት ድምፆች መካከል ያለውን ርቀት መለኪያ ነው። ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት አይደለም እንዴ? ማታ ቤቴ ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ያው ነው። ችግሩ ጆሮዬ ነው? እውነቱን ንገሩኝ፣ ሲያስጨንቀኝ ነው የሰነበተው።

የፊዚክስ መምህር
ወንድሜ፣ ጆሮህ ደህና ነው። እንዲያውም ግሩም ነው።

መነሻ ክርህ 220 ኸርዝ ነው እንበል፤ በሰከንድ 220 ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። ጆሮ ብቻውን ሲቃኝ ሁለት ድምፅ ሳይንቀጠቀጥ የሚገጥምበትን ቦታ ይፈልጋል። ያ ቦታ ቀላል ክፍልፋይ ነው። የሜጀሩ ሦስተኛ ድምፅ የመነሻው 5/4 ነው፣ 275 ኸርዝ። የማይነሩ 6/5 ነው፣ 264 ኸርዝ። 275ን ለ264 አካፍለው፤ 25/24 ይመጣል። በሴንት 70.67። አምስተኛው ድምፅም ከ5/3 ወደ 8/5 ሲወርድ ልዩነቱ ያው 25/24 ነው።

ኪቦርዱ ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ እጥፉ ያለውን ርቀት፣ 12 እኩል ቦታ ይከፍለዋል። ስለዚህ ሜጀሩ 277.18፣ ማይነሩ 261.63 ነው። የላይኛው ካንተ ከፍ፣ የታችኛው ካንተ ዝቅ ይላል። 100 ሴንት የሚሞላው ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለው በክፍልፋይ መቃኘት ጀስት ኢንቶኔሽን ይባላል። ጣሊያናዊው ዛርሊኖ በ1558 እ.ኤ.አ. ስለነዚሁ ክፍልፋዮች በሰፊው ጽፏል።

ማሲንቆ
መምህር ያሉት ትክክል ነው፣ አንድ ነገር ልጨምር። ማይነሩ ውስጥ ሌላም ግማሽ ድምፅ አለ። ከአራተኛው ወደ አምስተኛው ያለውን ለካው፤ ከ330 ወደ 352፣ ማለትም 16/15። ይሄ 112 ሴንት ገደማ ነው። ሁለቱም ግማሽ ድምፅ ይባላሉ፣ ግን አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ ነው። እኔ ማሲንቆ ላይ በጣቴ አውቃቸዋለሁ። ለትንሿ ጣቴን ጠጋ አድርጌ ነው የማሳርፈው።

ደግሞ ክር ስትመታ መጀመሪያ ላይ ድምፁ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚነሳው። ቲውነሩን ወዲያው አትመነው፣ ድምፁ እስኪረጋ ጠብቅ። ሁሉም ክራር ተጫዋች እዚያው ቦታ ላይ ያርፋል ማለትም አይደለም። አንተ ግን ሦስት ጊዜ አንድ ቦታ ከመጣህ ጆሮህ የሚፈልገውን ያውቃል።

ከኪቦርድ ጋር ስትሆን ግን ለኪቦርዱ ቃኝ። አለበለዚያ አድማጭ የሚሰማው ጭቅጭቃችሁን ነው።

ክራር ቃኚ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁንም። ዛሬ ጠዋት ሞከርኩት። ሦስተኛውን ክር በቲውነር 277 ላይ አድርጌ ከመነሻው ጋር አንድ ላይ መታሁት። ውው-ውው-ውው እያለ በፍጥነት ይንቀጠቀጣል። ቀስ እያልኩ ሳላላው መንቀጥቀጡ እየዘገየ መጣ፣ ከዚያ ጠፋ። ቲውነሩን አየሁ፤ 275።

የፊዚክስ መምህር
ክር ሲመታ ከዋናው ድምፅ ጋር እጥፎቹም አብረው ይሰማሉ። የመነሻው አምስት እጥፍ 1100 ነው። የ277.18 አራት እጥፍ 1108.7። የሰማኸው መንቀጥቀጥ ልዩነታቸው ነው፣ በሰከንድ 9 ጊዜ ገደማ። 275 ላይ ሁለቱም 1100 ይሆናሉ።

ክራር ቃኚ
ለኪቦርድ ተጫዋቹ ደውዬ ነገርኩት። መግቢያውን ክራር ብቻውን እንዲጫወተው ተስማማን፣ በራሴ ቅኝት። እሱ ሲገባ ለእሱ የቃኘሁትን ሁለተኛ ክራር አነሳለሁ።