«ጌት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ግሥ እንዴት እንረዳው?

ጥያቄ፦
ጤና ይስጥልኝ። እንግሊዝኛ ሳነብ ብዙም አልቸገርም፤ «ጌት» የሚለው ግሥ ግን እስካሁን አልጨበጥ ብሎኛል። ትምህርት ቤት ሳለን «ማግኘት» ማለት ነው ተብለን ነበር። «አይ ጎት ኤ ሌተር» ሲባል ይህ ትርጉም ይሠራል፤ ነገር ግን «ሺ ጎት አንግሪ»፣ «ሂ ጎት ፋየርድ»፣ «አይ ጎት ማይ ሹዝ ፖሊሽድ» በሚሉት ውስጥ የተገኘ ነገር አይታየኝም። ሁሉንም የሚያስተሳስር ሐሳብ አለ ወይስ እያንዳንዱን በቃል ማጥናት ግድ ነው?

መልስ 1፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ግሡ ወደ እንግሊዝኛ የገባው ከጥንቱ የኖርስ (የስካንዲኔቪያ) ቋንቋ ሲሆን መነሻ ትርጉሙም በእርግጥ ማግኘት ነው፤ ለዛሬው አጠቃቀሙ ግን «መድረስ» የሚለው የተሻለ መያዣ ይመስለኛል። ደብዳቤ ይደርስዎታል፤ «ጌት ሆም» ሲባል እርስዎ ቤት ይደርሳሉ፤ «ጌት አንግሪ» ሲባል ደግሞ ሰውዬው ቀድሞ ያልነበረበት ሁኔታ ላይ ይደርሳል።

የሚያስቸግረን እንግሊዝኛ በ«ጌት» የሚሠራውን ሥራ አማርኛ በግሡ ቅርጽ ስለሚሠራው ነው። «ሂ ጎት ፋየርድ» ማለት «ተባረረ» ነው፤ የ«ጌት» ድርሻ እዚያው «ተ» ውስጥ አለ። ጫማዎን ሊስትሮ ዘንድ ሄደው ሲመለሱ «ጫማዬን ጠረግሁ» አይሉም፤ «አስጠረግሁ» ይላሉ። ይህን «አስ» እንግሊዝኛው ከግሡ ጋር አጣብቆ መናገር ስለማይችል «አይ ጎት ማይ ሹዝ ፖሊሽድ» ይላል። «አይ ፖሊሽድ ማይ ሹዝ» ቢሉ ግን ሰሚው ብሩሽና ቀለም ይዘው ራስዎ እንደጠረጉት ይረዳል። መኪና ማሠራትም ሆነ ልብስ ማሰፋት በዚሁ መንገድ የሚነገር ነው።

መልስ 2፦
ከላይ በተሰጠው መልስ እስማማለሁ፤ ሁለት ነጥቦች ልጨምር። «ዘ ዊንዶው ዎዝ ብሮክን» የሚለው ዐረፍተ ነገር «መስኮቱ ተሰብሮ ነበር» ወይም «መስኮቱ ተሰበረ» ሊሆን ይችላል፤ «ጎት ብሮክን» ከተባለ ግን ድርጊቱን እንጂ ሁኔታውን አያመለክትም። እንደ «ማወቅ» ያሉ ሁኔታን የሚገልጹ ግሦች ከዚህ ዓይነቱ «ጌት» ጋር የማይስማሙት ለዚህ ነው።

ሁለተኛው፣ ሰውን አንድ ነገር ማሠራትን ይመለከታል። «አይ ጎት ሂም ቱ ሳይን» ሲባል ሰውዬው እንዲፈርም የማግባባት ጥረት እንደነበረ ይሰማል፤ «አይ ሃድ ሂም ሳይን» ግን አስፈረምሁት ከማለት አያልፍም። ከ«ጌት» ቀጥሎ «ቱ» እንደሚያስፈልግ፣ ከ«ሃቭ» ቀጥሎ ግን እንደማያስፈልግ ልብ ይበሉ፤ ተማሪዎች አዘውትረው የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

መልስ 3፦
አሜሪካ የምንኖር ሰዎች ደግሞ «ጎትን» የሚለውን ቅርጽ በየዕለቱ እንሰማለን። ዛሬ በብሪታንያ የተለመደው «ጎት» ነው፤ «ጎትን» ግን አዲስ የአሜሪካ ፈጠራ ሳይሆን እንግሊዞች ራሳቸው ቀድሞ ይጠቀሙበት የነበረ ነው። በአሜሪካ አነጋገር ሁለቱ የትርጉም ልዩነት አላቸው፤ «አይ ሃቭ ጎት ኤ ካር» መኪና አለኝ ሲሆን፣ «አይ ሃቭ ጎትን ኤ ካር» መኪና አግኝቻለሁ ወይም ገዝቻለሁ ማለት ነው።

ጠያቂው፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ የ«ተ» እና የ«አስ» ማብራሪያ በተለይ ብዙ ነገር ገለጠልኝ። ለሥራ ማመልከቻ በምጽፈው ደብዳቤስ ልጠቀምበት እችላለሁን?

መልስ 1፦
በመደበኛ ጽሑፍ ለመቀበል «ረሲቭ»፣ ለመሆን «ቢካም» የሚሉትን ቢመርጡ ይሻላል፤ ተገብሮውንም፣ ማለትም እንደ «ተባረረ» ያለውን፣ በ«ዎዝ» ይጻፉት። ሆኖም «ጌት ማሪድ» የመሰሉ የጸኑ አባባሎችን መሸሽ አያስፈልግም። እዚያ ላይ የሚያሰናክለን ሌላ ነገር ነው፤ በአማርኛ ከእገሌ ጋር ተጋባ ስለምንል «ማሪድ ዊዝ» ብለን እንጽፋለን፣ ትክክለኛው ግን «ጎት ማሪድ ቱ» ነው።