ዳይስ ነክተው ለማያውቁ አራት ሰዎች የትኛውን ዳንጅን ላስጫውት?

አጎት_ዲኤም

ሰላም ለሁላችሁ። ቀጥታ ወደ ጥያቄዬ ልግባ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። የእህቴ ልጆች (ወንዱ 14፣ ሴቷ 16 ዓመታቸው) ዲኤንዲን (ዳይስ እየጣሉ በምናብ ጀግና ሆነው የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ) በተከታታይ ፊልም አይተው «ካላጫወትከን» ብለው ወጥረው ይዘውኛል። ከነሱ ሌላ አንድ ጓደኛዬና ባለቤቱ አሉ። አራቱም ባለ 20 ፊት ዳይስ ምን እንደሚመስል እንኳ አያውቁም። እኔ ሁለት ዓመት ያህል ተጫውቻለሁ፣ ዲኤም (ታሪኩን እየተረከ የሚያስጫውተው ሰው) ሆኜ ግን አላውቅም። ታሪክ ከራሴ ፈጥሬ ለመጻፍ ጊዜውም ወኔውም ስለሌለኝ የምፈልገው የታተመ ነገር ነው። ከተማ ለከተማ የሚያንከራትት ሳይሆን ቀጥ አድርጎ ዳንጅን፣ ማለትም ወጥመድና ጭራቅ ያለበት ዋሻ ወይም መቃብር ውስጥ የሚያስገባ። ያለን ጊዜ ቅዳሜ ከቡና በኋላ፣ ቢበዛ ለሦስት ሰዓት ያህል ነው።

ሰው ሁሉ ፋንዴልቨር የሚባለውን አድቬንቸር (የታተመ የጨዋታ ታሪክ) አስጫውት ይለኛል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ቱም ኦፍ ሆረርስን ያላየ ዳንጅን አየሁ አይበል አለኝ። ምን ትላላችሁ? አንድ ነገር ልጨምር፣ መጻሕፍቱ ሁሉ እንግሊዝኛ ናቸው፣ ጓደኛዬና ባለቤቱ ደግሞ በአማርኛ ካልሆነ ጨዋታው አይጥማቸውም። እየተረጎምኩ ነው የማስጫውተው።

ባለ20ፊት

ወንድሜ፣ የባልደረባህን ምክር እርሳው። ቱም ኦፍ ሆረርስን ከዲኤንዲ ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው ጋሪ ጋይጋክስ በ1975 ለውድድር አዘጋጅቶት በ1978 ነው የታተመው። የተሠራውም «እኛን የሚገድል ዳንጅን የለም» እያሉ የሚኮሩ ተጫዋቾችን ልክ ለማስገባት ነው። መግቢያው ኮሪደር መጨረሻ ላይ ግድግዳው ላይ አረንጓዴ የሰይጣን ፊት አለ፣ አፉ ተከፍቶ ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ። እስቲ ገብቼ ልይ ያለ አበቃለት። ማምለጫ የለ፣ ሬሳ እንኳ አይገኝም። የእህትህ ልጅ ይህን ካየ ሁለተኛ ጠረጴዛው ላይ አይቀመጥልህም።

ፋንዴልቨር ግን ጥሩ ነው፣ እኔም በሱ ነው የጀመርኩት። በ2014 በስታርተር ሴቱ (የጀማሪዎች ጥቅል) ውስጥ የወጣውን ማለቴ ነው። ሰው የማይነግርህን ልንገርህ። ገና ከመጀመሩ መንገዱ ላይ ሁለት የሞቱ ፈረሶች ተጋድመዋል፣ ቁጥቋጦው ውስጥ አራት ጎብሊኖች (ትናንሽ ክፉ ጭራቆች) አድፍጠዋል። የአንደኛ ሌቬል (ደረጃ) ዊዛርድ (አስማተኛ) ሂት ፖይንቱ፣ ማለትም የሕይወት ነጥቡ 7 ወይም 8 ነው። የአንድ ጎብሊን ቀስት በአማካይ 5 ይወስዳል። ሁለት ቀስት ካገኘው ዊዛርዱ መሬት ላይ ነው። እኔ ሳስጫውት በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ሁለት ሰው ወደቀብኝ፣ አንደኛው ስሙን እንኳ ጽፎ አልጨረሰም ነበር። ከዚያ ተርፈው ዋሻው ከገቡ ደግሞ ክላርግ የሚባል በግቤር (ከጎብሊን የሚበልጥ ጭራቅ) ይጠብቃቸዋል፣ የሱ አንድ ምት በአማካይ 11 ነው። ስለዚህ ጎብሊኖቹን ሁለት አድርጋቸው፣ ወይም የቆሰለው ይሽሽ። ዱካውን ተከትለው ዋሻውን ያገኙታል፣ ምንም የሚቀር ነገር የለም።

ችቦና_ገመድ

በቱም ኦፍ ሆረርስ እስማማለሁ፣ በፋንዴልቨር አልስማማም። መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሰውየው የጠየቀው ግን የሦስት ሰዓት ዳንጅን ነው፣ ያ ደግሞ መንደርና ባለሱቅ፣ የጠፋ ሰው ፍለጋ፣ እስከ አምስተኛ ሌቬል የሚወስድ ጉዞ ነው። ለወራት የሚቆይ ነገር ለማያውቀው ሰው ሰጥተህ ልጆቹ በሁለተኛው ቅዳሜ ኳስ አለብን ቢሉትስ?

አጎቴ፣ እኔ ጀማሪ ሲኖረኝ አዲስ አድቬንቸር ስከፍት መጀመሪያ የማየው የክፍሎቹን ብዛት ወይም ጭራቁን አይደለም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ክፍሎች አነብና «ይሄ ክፍል ለማያውቅ ሰው ምን ይነግረዋል?» እላለሁ። ተጨዋቹ ገብቶ፣ ተዋግቶ፣ ወጥቶ ምንም አዲስ ነገር ካላወቀ ያ ክፍል ዳይስ ማንከባለያ ብቻ ነው።

በዚህ መለኪያ ቱም ኦፍ ዘ ሰርፐንት ኪንግስን የሚያህል አላየሁም። ስከርፕልስ በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ጦማሪ በ2017 ያወጣው ነው፣ ፒዲኤፉ በነጻ ይገኛል። ሆን ተብሎ ለማስተማሪያ የተሠራ ነው፣ ክፍሉ ምን ለማስተማር እንደታሰበም ለዲኤሙ ተጽፎለታል። መግቢያው ላይ የእባብ ሰዎች የሸክላ ሐውልቶች በሣጥን ውስጥ ተኝተዋል። ውስጣቸው ባዶ ነው። ብትሰብራቸው የወርቅ ክታብ ታገኛለህ፣ ግን መርዛም ጋዝም ይወጣል። አየህ፣ አንድም ጭራቅ ሳይመጣ «ሀብት አለ፣ ዋጋ ያስከፍላል፣ አስበህ ሥራ» ተባሉ። የመጀመሪያውን ሰው ጋዙ ካሳለው በኋላ ሁለተኛውን ሐውልት እንዴት እንደሚከፍቱት ዝም ብለህ ተመልከት። አፋቸውን በጨርቅ ይሸፍናሉ፣ ከሩቅ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ውጭ አውጥተው ይሰብሩታል። ሁሉንም ፍቀድላቸው።

የተጻፈው ለድሮ ዓይነት ሕግ ነው፣ ግን አትፍራ። በአምስተኛው የዲኤንዲ እትም የምታስጫውት ከሆነ የአጽም ጭራቆቹን ቁጥር ከነጻው ሕግ ላይ ትወስዳለህ። አንድ ልዩነት ብቻ አስቀድመህ ወስን፦ በድሮው ሕግ ሂት ፖይንት ዜሮ ሲገባ ሞት ነው፣ በአምስተኛው እትም ግን ራሱን ይስታል እንጂ የሞት ዳይሱ ሦስት ጊዜ ካልከሸፈበት አይሞትም። ለልጆቹ ሁለተኛው ይሻላል።

ስለ ትርጉሙ፦ በሣጥን የተከበበውን የሚነበብ ጽሑፍ ቃል በቃል እየተረጎምክ አታንብብ፣ ሁሉም ስልኩን ያወጣል። ማታ አንድ ጊዜ አንብበውና በየክፍሉ ሁለት መስመር በራስህ አማርኛ ጻፍ። ምን ይታያል፣ የት የት ያስኬዳል፣ በቃ። ጎብሊንን ጎብሊን በለው፣ «ሰይጣን» ብለህ ከተረጎምከው ወይዘሮዋ ተነስታ ልትሄድ ትችላለች :)

ኮቦልድ_ነኝ

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፣ ግን የልጆቹን ነገር ረሳችሁት። የ14 ዓመት ልጅ ወጥመድ ብቻ አይበቃውም፣ የሚያዋራው ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ዘ ሰንለስ ሲታደል ነው የሚሻለው። ብሩስ ኮርዴል የጻፈው፣ በ2000 የወጣ፣ በ2017 ደግሞ ከሌሎች የቆዩ ዳንጅኖች ጋር ለአምስተኛው እትም ታድሶ የታተመ። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ሌቬል ነው። ወደ ገደል የሰጠመ ምሽግ ነው፣ በገመድ ይወርዳሉ። ውስጡ ኮቦልዶች (ትናንሽ እንሽላሊት መሰል ፍጡራን) ከጎብሊኖች ጋር ይጣላሉ። እና ሚፖ አለ። ሚፖ የዘንዶ ጠባቂ ኮቦልድ ነው፣ ትንሿን ነጭ ዘንዶ ጎብሊኖቹ ሰርቀውበት ሲያለቅስ ነው የሚያገኙት። እኔ ያስጫወትኳቸው ሰዎች ሰይፍ መዘው ገቡ፣ ከዚያ ሲያለቅስ አይተው ሰይፉን መለሱ። ለካ ጭራቅ ማናገር ይቻላል!

ዘ ኪፕ ኦን ዘ ቦርደርላንድስን የሚጠቅስ ሰው መምጣቱ ስለማይቀር አስቀድሜ ልበል፦ ክላሲክ ነው፣ ዋሻዎቹ ደስ ይላሉ፣ ግን ምሽጉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም እንኳ አልወጣላቸውም። ዲኤሙ ነው ሁሉን የሚሞላው። ለአዲስ ዲኤም ያ ጣጣ ነው።

ባለ20ፊት

ሚፖን ማንም አይጠላውም፣ እሺ። ግን ሲታደሉም በሦስት ሰዓት አያልቅም።

ሌላ ሐሳብ፣ ፈነል የሚባለውስ? በዲሲሲ (ዳንጅን ክሮውል ክላሲክስ የሚባል ሌላ ጨዋታ) ሕግ ማለት ነው፣ በ2012 የወጣው። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት አራት ዜሮ ሌቬል ገበሬና አንጥረኛ ይዞ ይገባል፣ መንሽና መዶሻ ታጥቀው፣ አብዛኞቹ ያልቃሉ፣ የተረፈው አንደኛ ሌቬል ይሆናል። ካራክተር (የሚጫወቱትን ገጸ ባሕርይ) መሥራት አያስፈልግም፣ በሳቅ ነው የሚያልቀው።

ችቦና_ገመድ

ለአዋቂ አዎ። ስም አውጥታ የወደደችው ገበሬ በአሥር ደቂቃ ሲሞትባት የ16 ዓመቷ ልጅ ትስቃለች ወይ የሚለውን አጎቷ ነው የሚያውቀው። ደግሞ ባለ 7 እና ባለ 14 ፊት ዳይስ ሁሉ ይፈልጋል፣ ከየት ያመጣል?

አጎት_ዲኤም

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ትናንት አስጫወትኩ። የመረጥኩት የእባቦቹን መቃብር ነው፣ ምክንያቱም ነጻ ስለሆነና ማታ ተቀምጬ የመጀመሪያዎቹን ክፍሎች ሳነብ ራሴ ስለገባኝ።

ሐውልቶቹ ላይ ልክ እንዳላችሁት ሆነ። የእህቴ ልጅ የመጀመሪያውን በቡጢ መታው፣ ጋዙን ጠጣው። ሁለተኛውን በነጠላ ጠቅልለው ደጅ አወጡት፣ ነጠላ ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅኩም።

ከዚያ በሩ ጋ ደረሱ። የማታውቁት ካላችሁ፣ በሩ በከባድ የድንጋይ መቀርቀሪያ ተዘግቷል፣ ተሸካሚዎቹ ላይ ያለው ክብደት ሲነሳ ከጣሪያው ትልቅ የድንጋይ መዶሻ ይወረወራል። ልጆቹ «አንስተነዋል!» አሉ። ጓደኛዬ ሥራው በርና መስኮት መግጠም ነው፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ቡናውን እየጠጣ ዝም ብሎ ነበር። «ቆይ ቆይ» አለ። «መቀርቀሪያው በኛ በኩል ነው?» አዎ አልኩት። «ታዲያ የተዘጋው ማን ላይ ነው? ከውጭ የሚቀረቀር በር እኮ ከብት እንዳይወጣ ነው።»

ከዚያ ተሸካሚዎቹን እንድገልጽለት ጠየቀኝ። ገለጽኩለት። ዕቃ ዝርዝሩ ላይ ያለውን የሦስት ሜትር አጣና ከልጁ ተቀብሎ ሁሉንም ወለሉ ላይ አስተኝቶ መቀርቀሪያውን ከታች ወደ ላይ ገፋው። መዶሻው በላያቸው አለፈ። አጣናው ለሁለት ተሰበረ። ቤቱ ጸጥ አለና ባለቤቱ «እኔ ልከፍተው ነበር እኮ» አለች።

ሦስት ሰዓታችን አለቀ፣ በሩን ገና አልገቡም። ሚፖን ለሚቀጥለው ወር አስቀምጬዋለሁ።

ኮቦልድ_ነኝ

ሲያለቅስ ድምፅህን ቀጭን አድርገው። አደራ።