ስቲም ዴክ 64 ጂቢ አለኝ፤ በአዲሱ ሮግ ኤክስቦክስ አላይ ልቀይረው ወይስ እሱኑ ላድሰው?

ናቲ_ዴክ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለኝ ኤልሲዲው ስቲም ዴክ (በእጅ የሚያዘው የቫልቭ ኩባንያ የጌም ኮምፒውተር) ነው፣ ማከማቻው 64 ጂቢ። የአክስቴ ልጅ በሚቀጥለው ወር ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ትመጣለችና የምትፈልገውን ንገረኝ ብላኛለች። ያስቸገረኝ ይሄ ነው፦ ጌሞቹን ሚሞሪ ካርድ ላይ ጭኜም የውስጡ ማከማቻ ይሞላል። ባትሪው ከባድ ጌም ላይ ሁለት ሰዓት አይደርስም። ሳይበርፐንክ የሚባለው ጌም ደግሞ ሰው የሚበዛበት ሰፈር ስገባ ይንቀራፈፋል። ሮግ ኤክስቦክስ አላይም እንደ ዴኩ በእጅ የሚያዝ ነው፣ ሁለት ዓይነት አለው፤ ሲወጡ ነጩ አላይ 600፣ ጥቁሩ አላይ ኤክስ 1000 ዶላር ነበሩ። ነጩ ይበቃኛል?

ብሎን_ፈቺ፦
ማከማቻው ብቻውን አዲስ አያስገዛህም። ጌሙ ካርድ ላይ ቢሆንም ስቲምኦኤስ (የዴኩ ስርዓተ ክወና) የሼደር ካሹን (ለግራፊክሱ ቀድሞ የተዘጋጁ ፋይሎች) እና የፕሮቶን (የዊንዶውስ ጌሞችን የሚያስሠራው) ፋይሎቹን ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፤ 64 ጂቢ የሚሞላው በዚህ ነው። የአክስትህ ልጅ 1 ቴራ ኤም.2 ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ (የውስጥ ማከማቻ) ታምጣልህ። መጠኑ የግድ 2230 (22 በ30 ሚሊሜትር) ይሁን፤ ላፕቶፕ ላይ የለመድነው 2280 አይገባም።

ከመክፈትህ በፊት ሚሞሪ ካርዱን አውጣ። ብዙ ሰው ካርዱን ለሁለት የሚሰብረው እዚህ ላይ ነው፣ ጀርባው ሲነሣ ይዞት ይነሣል። ቀጥሎ ድምፅ መጨመሪያውንና ማብሪያውን አብረህ ተጭነህ ባዮስ (ስርዓተ ክወናው ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ግባና ባትሪውን ስቶሬጅ ሞድ (ባትሪው ኃይል የማይሰጥበት ሁኔታ) ላይ አድርገው። ጀርባው ላይ 8 ብሎኖች አሉ፤ 4ቱ ረጅም፣ 4ቱ አጭር ናቸውና አታደባልቃቸው። የሚገቡት ፕላስቲክ ውስጥ ስለሆነ ስትመልስ እስኪያዝ ብቻ አጥብቅ፣ ከዚያ ካለፈ ጥርሱ ይበላል። ውስጥ የብረት ሽፋን ታገኛለህ፣ በ3 ብሎን የታሰረ፤ አንዱ ብሎን በፎይል ፕላስተር ተሸፍኗል። ሽፋኑን አንሥተህ ከሁሉም በፊት የባትሪውን ማገናኛ ንቀል። ኤስኤስዲው በአንድ ብሎን ነው የተያዘው። አሮጌው የለበሰውን የብረት ቅጠል አውልቀህ ለአዲሱ አልብሰው፤ የሬዲዮ ረብሻ የሚከላከለው እሱ ነው።

ከዚያ የስቲምኦኤስ ሪከቨሪ ፋይል (ስርዓቱን እንደገና የሚጭነውን) 8 ጂቢ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ ፍላሽ ላይ ጽፈህ፣ ድምፅ መቀነሻውንና ማብሪያውን ይዘህ ከፍላሹ አስነሣው። ስቶሬጅ ሞድ ላይ ስለነበር ቻርጀር ካልሰካህ አይበራም። ሞተ ብለህ አትደንግጥ።

ዋት_ቆጣሪ፦
ነጩን በፍጹም አትግዛ። ስሙ አዲስ ነው እንጂ ውስጡ ያለው ቺፕ ራይዘን ዜድ2 ኤ፣ እንዳንተው ዴክ 4 የዜን 2 ኮርና 8 የአርዲኤንኤ 2 ግራፊክስ ክፍል ነው ያለው። ትንሽ ከፍ ያለ ዋት ይቀበላል፣ ባትሪውም 60 ዋት-ሰዓት ነው፣ ያንተ 40 ነው። ግን ስክሪኑ 1920 በ1080 ነው፤ ካንተ 1280 በ800 ጋር ሲነጻጸር ፒክስሉ እጥፍ ነው። የጨመረውን ጉልበት ስክሪኑ ይበላዋል።

ጥቁሩ ሌላ ነገር ነው፦ ዜድ2 ኤክስትሪም፣ 8 ኮር፣ 16 የአርዲኤንኤ 3.5 ክፍል፣ 24 ጂቢ ራም፣ 80 ዋት-ሰዓት ባትሪ።

ገንዘቡን ከማውጣትህ በፊት ግን የሳይበርፐንኩን መንቀራፈፍ ለየው። የፍሬም ቁጥር (በሰከንድ የሚታዩ ምስሎች ብዛት) ማሳያውን ክፈትና እዚያው ሰፈር ቆመህ ግራፊክሱንም ሪዞሉሽኑንም ወደ ታች አውርድ። ፍሬሙ ከፍ ካለ የታነቀው ግራፊክሱ ነው፤ በጌሙ ውስጥ ያለውን የስቲም ዴክ ምርጫ ይዘህ ስክሪኑን 40 ኸርዝ፣ ፍሬሙን 40 ላይ ብታስር ትጠቀማለህ። 40 ላይ እያንዳንዱ ፍሬም 25 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፣ 30 ላይ 33 ነው፤ ልዩነቱ እጅ ላይ በደንብ ይታወቃል። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ የታነቀው ፕሮሰሰሩ ነው። ለሱ በሴቲንግ የምታደርግለት ብዙ የለም፣ ጥቁሩ የሚጠቅምህም ያኔ ነው።

ስለ ባትሪው፦ ዴክህ ከባድ ጌም ላይ በጠቅላላ 22 ዋት ገደማ ይስባል። 40 ለ22 ስታካፍል 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ አይሞላም፤ አዲስ እያለም እንዲሁ ነበር። አላይ ኤክስም በሙሉ ኃይል ከሮጠ 80ውን ቶሎ ይጨርሳል። ጥቅሙ የሚታየው 17 ዋት ላይ ስታስረው ነው። ባትሪ ብቻ ከሆነ ችግሩ፣ 45 ዋት ፒዲ (የዩኤስቢ-ሲ ፈጣን ቻርጅ) የሚሰጥ 20,000 ሚሊአምፕ-ሰዓት ፓወር ባንክ ግዛ። 74 ዋት-ሰዓት ይባላል፣ ከብክነቱ በኋላ 60 ገደማ ይደርስሃል። መብራት ሲጠፋም ያገለግልሃል። 18 ወይም 20 ዋት የሚሰጠው ርካሹ ግን እየተጫወትክ አይሞላልህም።

ናቲ_ዴክ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ የረሳሁት ነገር፣ ከጓደኞቼ ጋር ኦንላይን ኢኤ ኤፍሲ (የእግር ኳስ ጌሙን) መጫወት እፈልጋለሁ። ዴኩ ላይ እምቢ ብሎኛል።

ሰፊ_ስክሪን፦
ይሄን መጀመሪያ ብትነግረን ጥሩ ነበር፣ ነገሩን የሚቆርጠው ይሄ ነው። የኢኤ አንቲቺት (ማጭበርበር ከልካይ ሶፍትዌር) ስቲምኦኤስ የተሠራበትን ሊኑክስን ስለማይቀበል ኤፍሲ ስቲምኦኤስ ላይ አይሠራም። ፎርትናይትና ቫሎራንትም እንዲሁ። ኤስኤስዲ ቀይረህ ዴኩ ላይ ዊንዶውስ መጫን ይቻላል፣ ድራይቨሮቹን ቫልቭ ራሱ ያቀርባል። ግን እንደ ባትልፊልድ 6 ያሉ አዳዲስ የኢኤ ጌሞች ሴኪዩር ቡት (መሣሪያው ሲነሣ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ የሚያስገባ ጥበቃ) ግዴታ እያደረጉ ነው፣ ዴክ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ እሱ ተዘጋጅቶ አይመጣም። በዚህ መንገድ ብዙ አትሄድም።

ስለዚህ ኤፍሲ ለአንተ ዋናው ጌም ከሆነ፣ ገንዘቡም ካለ፣ ጥቁሩን አስመጣ፤ ዊንዶውስ 11 ተጭኖበት ነው የሚመጣው። ኤፍሲ አልፎ አልፎ ከሆነ ግን 1000 ዶላር አያስወጣም፣ ብሎን_ፈቺ ያለህን አድርግ።

ካመጣኸው፦ የአክስትህ ልጅ በእጅ ሻንጣ ትያዘው እንጂ ከጭነት ጋር አታስገባው። 80 ዋት-ሰዓቱ አየር መንገዶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከሚያሳልፉት 100 በታች ነው። ቻርጀሩ 220 ቮልት ይቀበላል፣ የሚያስፈልግህ ለሁለት ክብ ቀዳዳ ሶኬት የሚሆን አስማሚ ብቻ ነው፤ ትራንስፎርመር እንዳትገዛ። እንደበራ ዋይፋዩን በሴቲንግ ሜተርድ (ዳታው የሚቆጠር) በል፣ አለዚያ የዊንዶውስ አፕዴት ፓኬጅህን ይጨርሰዋል።

ጌሞቹንም እንደገና አታውርድ። ሁለቱን መሣሪያዎች አንድ ዋይፋይ ላይ አድርገህ ስቲም ውስጥ ያለውን የሎካል ኔትወርክ ማስተላለፊያ ክፈት፣ ከዴኩ ይገለብጣል። ሚሞሪ ካርዱን አውጥተህ አዲሱ ላይ ብትሰካው ግን ዊንዶውስ አያነበውም፤ ስቲምኦኤስ የሚቀርጸው ዊንዶውስ በማያውቀው ኢኤክስቲ4 በሚባል አቀራረጽ ነው። ስቲም ክላውድ (ሴቭን ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጠው) የሌላቸውን ጌሞች ሴቭ ኮምፓትዴታ ከሚለው ፎልደር በእጅህ ገልብጥ፣ ዴኩን ለሌላ ሰው የምታስተላልፈውም ያ ካለቀ በኋላ ይሁን።