መኪናው እየሞቀ አስቸገረኝ፤ ነገ ጠዋት ይርጋጨፌ መሄድ አለብን!

ጠያቂ፦ ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ መልሱልኝ። ነገ ጠዋት 12 ሰዓት ከሐዋሳ ልንወጣ ነው። አሁን ነዳጅ ሞልቼ ስመለስ የሙቀት ጌጁ ቀይ ውስጥ ገባ። አክስቴ ከውጭ መጥታለች፣ ቀይ ቡና ሲለቀም ካላየሁ ብላለች። ምን ይሻለኛል?

የታቦር ልጅ፦ ራዲያተሩ ላይ ውኃ ጨምር።

ጀበና፦ በሰኔ ቀይ ቡና? አክስትህ ቀለምና ብሩሽ ይዘው ይሂዱ 😂 ለቀማው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። አሁን ዛፉ ላይ ያለው አረንጓዴ ነው።

ጠያቂ፦ ወገን፣ ስለ መኪናው ነው የጠየቅኩት። ውኃ ጨምሬያለሁ።

ጡረተኛው፦ ልጄ፣ ቀድሞ ቡናን ማወቅ ነው። ቀዩ እሸት ይፈለፈላል፣ ገንዳ ውስጥ ይቦካል፣ ይታጠባል፣ ከዚያ እንዲደርቅ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። ሳይፈለፈል የደረቀው ጀንፈል ነው። ጌዴኦዎች ቡናውን ከእንሰትና ከትልልቅ ዛፎች ሥር ነው የሚያለሙት። መልክዓ ምድሩን ዩኔስኮ መስከረም 2016 የመዘገበው ለዚህ ነው። ስለዚህ ለቀማ ባይኖርም...

ፍቅር ሐይቅ፦ ጋሼ፣ የልጁ መኪና እየጨሰ ነው እኮ 😂

የታቦር ልጅ፦ ውኃ ጨምር ብያለሁ።

ብሎን፦ ትኩስ እያለ ክዳኑን እንዳትከፍት፣ ፊትህን ያቃጥልሃል። ሲበርድ ውኃውን እይ። ከዚያ አስነሥተህ አቁመው። ሲሞቅ ፋኑ ካልዞረ ፊውዙን ቀይር፣ ርካሽ ነው። ፋኑ እየዞረም ከሞቀ ቴርሞስታቱ (የውኃውን ዝውውር የሚቆጣጠረው) ወይ ራዲያተሩ ነው። ያንን ይዘህ ዳገት አትውጣ፣ ጓርኒሲዮኑን (የሞተሩን ማሸጊያ) ትበላዋለህ። የምን መኪና ነው ግን? ስንት ዓመቱ?

ዲላ ነኝ፦ መኪናውን እዛው ተወው። በጠዋት መናኸሪያ ሂዱ፣ ዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚህ ቁርስ በልታችሁ የይርጋጨፌ ሚኒባስ ያዙ። ለቀማ የለም፣ ግን ጫካው በዝናብ ለምልሟል፣ መንገድ ላይ ወናጎን ታያላችሁ። አክስትህ ቦት ጫማ ታድርግ፣ ጭቃው አይጣል ነው።

ጠያቂ፦ ፋኑ አይዞርም!! ፊውዙ የት ነው ያለው?

ጀበና፦ አክስትህን ጠይቃት 😂

ብሎን፦ መኪናው ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ የት ልበልህ?