ቢጫው ቤዝ ይቀባ ወይስ እንዳለ ይቅር?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም የድሬና የሐረር ሙዚቀኞች። ክርክር ይዤ መጥቻለሁ። አጎቴ ከዚራ ውስጥ በሆቴል ባንድ ለብዙ ዓመት ቤዝ ይመታ ነበር። ሲሞት ጊታሩን ለሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ተናዞ ነው የሄደው። ፌንደር የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ የሠራው፣ ጃዝ ቤዝ የሚሉት ሞዴል ነው። አሁን ኮሚቴው ለበዓል ዝግጅት "እንዲህ ተላልጦ መድረክ ላይ አይወጣም፤ ጋራዥ ወስደን እናስቀባው" ብሏል። እውነት ለመናገር ሲታይ ያሳዝናል። ቀለሙ ንጥር ቅቤ መስሏል። ቀኝ ክንድ የሚያርፍበት ጋ ቀለም የሚባል የለም፣ እንጨቱ ወጥቷል። የቀረው ደግሞ እንደ ደረቀ ጭቃ በቀጫጭን መስመር ተሰነጣጥቋል። እኔ "አይነካ" ባይ ነኝ። ግን የእኔ አይደለም፣ የሰፈሩ ነው። ቅዳሜ ይሰበሰባሉ። ምን ትላላችሁ?

ቀለም ቀቢው፦
ይሄማ የሁለት ቀን ሥራ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ማውረድ፣ ስቱኮ፣ ቀለም፣ ክሊር። ፊትህን ታይበታለህ። ለማዕከሉ ከሆነ የእጄን አልጠይቅም።

አሮጌ ክር፦
ጋሼ፣ እጅህን ይባርከው። ግን ብርጭቆ ወረቀቱን ለጊዜው አስቀምጠው።

የከዚራ ልጅ፣ መጀመሪያ ዕድሜውን እንወቅ። የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ያሉበትን ብረት ፍታና ከሥሩ ያሉትን ፖቶች፣ ቁልፎቹ የሚያዞሯቸውን ክፍሎች፣ እያቸው። ቁጥር ተመትቶባቸዋል። በ137 ከጀመረ የፖቱ አምራች መለያ ነው። የሚቀጥሉት ሁለት ቁጥሮች ዓመቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን ይነግሩሃል። 1376612 ቢል ፖቱ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1966፣ በ12ኛው ሳምንት ነው። ጊታሩ ከዚያ በፊት አልተገጠመም ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ፒክጋርዱንም፣ ከክሮቹ ሥር ያለውን የፕላስቲክ መሸፈኛ፣ አንሳ። ብርሃን ያልነካው ቀለም እዚያ አለ። ቢጫ ያልከው ነጭ ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። በዚያ ዘመን ፌንደር ኦሊምፒክ ኋይት የሚሉት ቀለም ነበር። በላዩ የሚረጨው ኒትሮ ሴሉሎስ፣ ባጭሩ ኒትሮ የሚሉት ቀለም የሌለው ክሊር፣ ዕድሜ ሲጫነው ቢጫ ይሆናል። ሰማያዊውም በዚሁ ምክንያት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ግድም ፋብሪካው ፖሊስተር ወደሚባል ሌላ ቀለም ዞረ። እሱ ወፍራምና ጠንካራ ነው፣ እንዲህ አያረጅም። ስለዚህ ይሄ መሰነጣጠቅ ራሱ የዕድሜ ማስረጃ ነው። ፍቀህ ካወረድከው ማስረጃው ከአቧራው ጋር ተጠርጎ ይወጣል።

ስለ ዋጋም ካነሳን፣ የድሮ ጊታር ነጋዴዎች እንደ አዲስ የተቀባውን በግማሽ ዋጋ ግድም ነው የሚያዩት።

ቀለም ቀቢው፦
ጋሼ አትበለኝ፣ ድሬ ነው ያለነው።

ኒትሮ ነው ካልክ ደግሞ ጨዋታው ተቀየረ። ኒትሮማ የድሮ መኪና ቀለም ነው። እኔ ያደግሁበት። ታዲያ ለመኪና ቀቢ የማይሰጠው ለምንድን ነው?

አሮጌ ክር፦
እዚህ ላይ አልከራከርህም፣ ልክ ነህ። ኦሊምፒክ ኋይት ራሱ ከካዲላክ የመጣ ነው። ፊየስታ ሬድ የሚባለው ደግሞ የፎርድ ተንደርበርድ ቀለም ነበር። ፌንደር የዱፖንትን የመኪና ቀለም እየገዛ ነበር የሚረጨው። ሙያህ አይደለም ችግሩ። ከሥር ያለው ቀለም አንዴ ከወረደ ማንም አይመልሰውም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ደንገጎ፦
ስለ መሰነጣጠቁ አንድ ነገር ልጨምር። ኒትሮ የሙቀትና የቅዝቃዜ መቀያየር አይወድም። እንጨቱ ሲለጠጥና ሲሰበሰብ ቀለሙ አብሮት መሄድ ያቅተዋል፣ ይሰነጠቃል። አጎትህ ሐረር ለሠርግ እየወጣ ይመታ ከነበረ ምስጢሩ ይሄው ነው። ድሬ ከቀትር ሙቀት ይነሳል፣ የደንገጎን ዳገት ይወጣል፣ ሐረር ማታ ብርዱ ውስጥ ሳጥኑን ይከፍታል። እኔም ስንት ጊዜ አድርጌዋለሁ። አሁን ሐረር ስደርስ ጊታሬን ከነሳጥኑ ትንሽ አቆየዋለሁ። ልብሴን እስክቀይር አይከፈትም።

የባቡር ልጅ፦
እኔ ይቀባ ባይ ነኝ። ድሬዳዋ እ.ኤ.አ. በ1902 ከባቡሩ ጋር የመጣች ከተማ ናት። አባቴ ምድር ባቡር ወርክሾፕ ነው ጡረታ የወጣው። እሱ ብረት ሳይቀባ አያድርም ነበር። አሁን ሄዳችሁ የቆሙትን ፉርጎዎች እዩ። "ታሪክ ነው፣ አይነካ" ስንል ዝገት በላቸው። ዝም ብሎ መተው መንከባከብ አይደለም።

የከዚራ ልጅ፦
ብረትና እንጨት ለየቅል ነው።

የባቡር ልጅ፦
ላብስ? እንጨቱ ወጥቷል አላልክም? የድሬ ላብ እዚያ ባዶ እንጨት ላይ ሲንጠባጠብ ምን ይሆናል?

የጁገል ልጅ፦
በግንብ የታጠረው የሐረር ጁገል በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ቅርስ ነው ተብሎ ግን ቀለም አልተከለከለም። ረመዳን ሲቃረብ ግድግዳው እንደገና ይቀባል። እናቴ አምና አረንጓዴ ቀባች፣ ዘንድሮ ሐምራዊ። እኛ ዘንድ ያልተቀባ ቤት ሰው የሌለበት ቤት ነው የሚመስለው። ታዲያ ጊታር ሲሆን መላላጡ ውበት የሚሆነው በምን ሕግ ነው? ፈረንጆቹ አዲሱን ጊታር ፍቀው አሮጌ አስመስለው በውድ ይሸጣሉ አሉ። እኛም እነሱን አይተን ነው እንዴ?

አሮጌ ክር፦
አዎ፣ ይሸጣሉ። ፌንደር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ይሠራዋል፣ ሬሊክ ይሉታል። እኔም ያስቀኛል።

የእናትሽ ነገር ግን አስቆመኝ። ልሸነፍ ነበር። ቆይቼ ሳስበው፣ እናትሽ ከመቀባቷ በፊት ግድግዳውን እስከ ድንጋዩ አትፍቀውም። በላዩ ላይ ነው የምትጨምረው። ያምናው አረንጓዴ ከዘንድሮው ሐምራዊ ሥር አለ። ጋራዥ የሚሠራው የዚህን ተቃራኒ ነው።

የጁገል ልጅ፦
ጥሩ። በላዩ ይቀባ!

አሮጌ ክር፦
ቀለም በተደራረበ ቁጥር አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ይጠባል፣ አይገጥምልሽም። ከሥር ያለው ኒትሮም በአዲሱ ቀለም ቲነር ተነክቶ ሊሸበሸብ ይችላል። ቲነር በጨርቅ ብትነኪው እንኳ ይሟሟል። በነገራችን ላይ ጊታሩን ጎማ ባለው ማቆሚያ ላይ አታቁሙት፣ ጎማውም ይበላዋል።

ቀለም ቀቢው፦
የመሸብሸቡ ነገር እውነት ነው። ስንት ኮፈን አበላሽቶብኛል።

ቤዝ መቺዋ፦
ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ማዕከሉ ውስጥ ይሄን ቤዝ የምመታው እኔ ነኝ። አንድ ሰው እንኳ አልጠየቀኝም። ኮሚቴውም፣ እናንተም።

ቀለሙ አይደለም ያስቸገረኝ። ድምፅ ስጨምር ፖቱ ይንኮሻኮሻል። ብሪጁ፣ ክሮቹ ከታች የሚያርፉበት ብረት፣ ዝጓል፤ የአንዱ ክር ማስተካከያ ብሎን አይዞርም። ክሩ መቼ እንደተቀየረ የሚያውቅ የለም። ለቀለም የተያዘው ብር ለዚህ ቢውል ዛሬ ማታ ቤዝ ይሆናል። ተቀብቶ ከመጣ ግን የሚያብረቀርቅ፣ የሚንኮሻኮሽ ዕቃ ነው የምትሰጡኝ።

ስለ ላቡ፣ ሙሉ እጅጌ ለብሼ እመታለሁ። አጎቱም በፎቶው ላይ ሙሉ እጅጌ ነው የለበሰው። ክንዴን ሳሳርፍ የተላጠው ቦታ ልክ ክንዴ ሥር ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ለዓመታት እጁን እንዳሳረፈ ይሰማኛል። ከፈለጋችሁ ቀለል ያለ ሰም ቀቡት፣ ሰም ይጠረጋል። ከዚያ በላይ አልስማማም።

የባቡር ልጅ፦
እሺ፣ ብሪጁ ይዘይት። እንደኔ ብረቱን ጠብቃችሁ ቀለሙን ብትተዉት አልቃወምም።

ደንገጎ፦
መድረክ ላይ መታየቱ ካስጨነቃቸው ሌላ መንገድ አለ። የጃዝ ቤዝ አንገት በአራት ብሎን ነው የሚያዘው። ሰውነቱን ከዋንዛ አስቀርጻችሁ አንገቱን እሱ ላይ ግጠሙ። ከበሮ የሚሠሩት ሰዎች ዋንዛ ያውቃሉ። አሮጌው ሰውነት በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ልኩን ግን ሚሊ ሳታዛንፉ ውሰዱ።

የከዚራ ልጅ፦
ፒክጋርዱን አነሳሁት። ከሥሩ ያለው እንደ ወተት ነጭ ነው። የፖቱም ቁጥር በ137 ይጀምራል፣ የቀረው በቆርቆሮ ብየዳ ተሸፍኗል። ፎቶውን ቅዳሜ ለኮሚቴው አሳያለሁ። የዋንዛውንም ሐሳብ አነሳለሁ።

ቀለም ቀቢው፦
ዋንዛውን አምጡልኝ፣ በነጻ እቀባለሁ። ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ነጭ ነው የምቀባው፣ በፊት እንደነበረው? ወይስ ሰፈሩ እንደሚያውቀው ቢጫ?

የጁገል ልጅ፦
ሐምራዊ!

ቤዝ መቺዋ፦
መጀመሪያ ፖቱን አሠሩልኝ።